ባዶው ቦታ ምን ይናገራል? ምስል እንደ ማስረጃ በቴክኒካዊ ተግባቦት ታሪክ



 የተሰጠኝ ርእስ ምስልን በቴክኒካዊ ተግባቦት ውስጥ በአግባቡ ስለ መጠቀም ነው። ይህ ርእስ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ዘወትር የሚቀርበው በመመሪያ መልክ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሥዕል ቁጥርና መግለጫ ስጡ፣ የግራፉን ዘንጎች ከነመለኪያቸው ሰይሙ፣ ቀለም አታብዙ፣ ምስሉን ከሚያብራራው አንቀጽ አታርቁ ይላል። ምክሮቹ ትክክል ናቸው፤ እኔም ለዓመታት አስተምሬያቸዋለሁ። ነገር ግን መመሪያ ምን ማድረግ እንዳለብን ይነግረናል እንጂ ሳናደርገው ብንቀር ምን እንደሚከተል አይነግረንም። ያንን የሚነግረን ታሪክ ነው። ስለዚህ ዛሬ መመሪያውን ወደ ጎን ትቼ በሦስት ምስሎች ታሪክ ላይ አተኩራለሁ። ሁለቱ የ19ኛው መቶ ዓመት እንግሊዝ ሥራዎች ናቸው። ሦስተኛው በ1986 በአሜሪካ መሣል ሲገባው ሳይሣል የቀረ ምስል ነው። ዓመታቱንና ወራቱን የምጠቅሰው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልግለጽ።

ሦስቱን የሚያስተሳስራቸው አንድ ሐሳብ አለ። ምስል የሚሠራ ሰው በተፈጥሮው የሚስበው የደረሰው ነገር ነው፤ የሞተው ሰው፣ የተሰበረው ዕቃ፣ የጨመረው ቁጥር። እኔ የምከራከረው ግን ምስል ማስረጃ የሚሆነው የደረሰውን ስላሳየ ብቻ አይደለም፤ ያልደረሰበትንም ስፍራ አብሮ ሲያሳይ ነው ብዬ ነው። ሰው የሞተበትን ቤት ብቻ የሚያሳይ ካርታ ያስደነግጣል፤ ሰው ያልሞተበትን ቤት ሲጨምር ግን ምክንያቱን ወደ ማስረዳት ይሸጋገራል። ይህ ልዩነት የውበት ጉዳይ አይደለም። እንደምናየው፣ የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሆነበት ጊዜ አለ።

ወደ ሦስቱ ከመግባቴ በፊት ስለ ግራፍ አመጣጥ ጥቂት ልበል። ዛሬ በየሪፖርቱ የምናየውን የመስመርና የዓምድ ግራፍ ለኢኮኖሚ መረጃ በማዋል ቀዳሚነት የሚሰጠው ለስኮትላንዳዊው ዊሊያም ፕሌፌር ነው። ፕሌፌር በወጣትነቱ በእንፋሎት ሞተር ታሪክ ስሙ በሚነሣው በጄምስ ዋት ዘንድ በነዳፊነት ሠርቷል። በ1786 በለንደን ባሳተመው የንግድና የፖለቲካ አትላስ ውስጥ የእንግሊዝን ገቢና ወጪ ንግድ በየዓመቱ በሚሄዱ መስመሮች አሳየ። ወደ ስኮትላንድ ሲመጣ ግን በእጁ የነበረው የአንድ ዓመት መረጃ ብቻ ነበር። ከአንድ ዓመት መረጃ መስመር አይወጣም። ስለዚህ የየአገሩን ንግድ ጎን ለጎን በተጋደሙ ዓምዶች ሣለው፤ የዓምድ ግራፍ ወደ ሥራ የገባው በዚህ መንገድ ነው። ፕሌፌር ራሱ ይህን ሥዕል ጊዜን ስለማያሳይ ከሌሎቹ ያነሰ አድርጎ ቈጥሮታል። እኔ የምወስደው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ሰውየው የጎደለውን በግምት መስመር አልሸፈነውም። መረጃው የሚፈቅደውን ቅርጽ ብቻ ተጠቀመ። በዚህ ሙያ ጅማሬ ላይ «ምን የለኝም?» የሚለው ጥያቄ ከሥዕሉ ቅርጽ ጋር አብሮ ተወልዷል ማለት እንችላለን።

አሁን ወደ መጀመሪያው ምስል እንሂድ።

በ1854 ኦገስት 31 ሌሊት በለንደን ሶሆ በተባለው ሰፈር፣ በብሮድ ጎዳና አካባቢ ኮሌራ ተነሣ። በዐሥር ቀናት ውስጥ ከ500 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዘመኑ የነበረው ሰፊ እምነት ኮሌራ የሚመጣው ከበሰበሰ ነገር በሚወጣ መጥፎ አየር ነው የሚል ነበር። ሽታ ካለበት በሽታ አለ፤ ሽታ ከሌለ በሽታ የለም። ሐኪሙ ጆን ስኖው ግን ይህን አልተቀበለም። ስኖው በማደንዘዣ ሕክምና የታወቀ ሰው ነበር፤ በ1853 ንግሥት ቪክቶሪያ ስትወልድ ክሎሮፎርም የሰጣት እርሱ ነው። ገና በ1849 ኮሌራ የሚተላለፈው በአፍ በሚገባ ነገር፣ በተለይም በተበከለ ውሃ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ አሳትሞ ነበር፤ ብዙ ተቀባይ ግን አላገኘም።

ወረርሽኙ በብሮድ ጎዳና ሲነሣ ስኖው የሟቾችን ዝርዝር ከመዝገብ ቤት ወስዶ በየቤቱ እየሄደ ሰዎቹ ውሃ ከየት ይቀዱ እንደ ነበር ጠየቀ። አብዛኞቹ ሟቾች በብሮድ ጎዳና ላይ ካለው የእጅ ፓምፕ አጠገብ የሚኖሩ ነበሩ። በሴፕቴምበር 7 ማስረጃውን ለደብሩ አስተዳደር ቦርድ አቀረበ፤ በማግሥቱ የፓምፑ እጀታ ተነቀለ።

ይህ ታሪክ በብዙ መጻሕፍት ውስጥ በአጭሩ ሲተረክ እንዲህ ይባላል፤ ሐኪሙ ካርታ ሣለ፣ ካርታውን ሲያይ ምክንያቱ ተገለጠለት፣ እጀታው ተነቀለ፣ ወረርሽኙ ቆመ። የድርጊቱ ቅደም ተከተል ግን እንዲህ አይደለም። ስኖው ካርታውን ለሕክምና ማኅበር ያቀረበው በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ነው፤ በመጽሐፉ ሁለተኛ እትም ውስጥ የታተመው ደግሞ በ1855 ነው። እጀታው ሲነቀልም ብዙ ነዋሪዎች ሰፈሩን ጥለው ሸሽተው፣ የሟቾችም ቁጥር መቀነስ ጀምሮ ነበር፤ ይህን ስኖው ራሱ ጽፎታል። ስለዚህ ካርታው ሐሳቡን ያፈለቀ መሣሪያ አልነበረም። ሐሳቡ ቀድሞ ነበር፤ መረጃውም በእግር ጉዞና በጥያቄ ተሰብስቦ ነበር። ካርታው የተሠራው ሌሎችን ለማሳመን ነው። በቴክኒካዊ ተግባቦት ረገድ ይህ ዋና ነጥብ ነው፤ ምስል ከምርመራ በኋላ የሚመጣ ክርክር እንጂ የምርመራ ምትክ አይደለም።

ክርክሩ እንዴት ይቆም እንደ ነበር ለማየት ሌላ ካርታ እናስታውስ። ከስኖው በፊት፣ በዚያው ሴፕቴምበር፣ የከተማው የፍሳሽ ጉዳይ ኮሚሽን መሐንዲስ የነበረው ኤድመንድ ኩፐር ሟቾች የተገኙባቸውን ቤቶች በካርታ ላይ አስፍሮ ነበር። የኩፐር ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፤ ሕዝቡ ሰዎቹ የሞቱት ከአዳዲሶቹ የፍሳሽ መስመሮች ሽታ የተነሣ ነው እያለ ያማርር ስለ ነበር፣ የኩፐር ተግባር የሟቾች ቤቶችና የፍሳሽ መስመሮቹ ይገጣጠሙ እንደ ሆነ ማየት ነበር። ሁለት ሰዎች ያንኑ ሞት በዚያው ሰፈር ካርታ ላይ አሰፈሩ፤ አንዱ ስለ ፍሳሽ ጠየቀ፣ አንዱ ስለ ውሃ። ነጥቦቹ በራሳቸው አልተናገሩም። «ሥዕል ራሱ ይናገራል» የሚለውን አባባል ተማሪዎቼ ሲጽፉት ሁልጊዜ የምሰርዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ የስኖው ካርታ ጥንካሬ የት ላይ ነው? ብዙ ሰው የሚያየው በፓምፑ ዙሪያ ተደራርበው የቆሙትን ጥቋቁር ምልክቶች ነው። እነዚያ ምልክቶች ግን የመጥፎ አየርን ደጋፊ አያሳምኑም፤ መጥፎው አየርም በዚያው አካባቢ ሊሆን ይችላላ። ተቃዋሚውን የሚያስጨንቁት ምልክት የሌለባቸው ቦታዎች ናቸው። በፓምፑ አቅራቢያ፣ በፖላንድ ጎዳና፣ 535 ድሆች የሚጠለሉበት ትልቅ ቤት ነበር። ዙሪያውን ባሉት ቤቶች ሁሉ ሰው እየሞተ በዚያ ቤት የሞቱት 5 ብቻ ነበሩ። ቤቱ የራሱ የውሃ ጉድጓድ ነበረው። በብሮድ ጎዳናው ላይ ደግሞ ከ70 በላይ ሠራተኞች ያሉት የቢራ ጠመቃ ነበር፤ ከሠራተኞቹ አንድም ሰው በኮሌራ አልሞተም። ሠራተኞቹ የሚጠጡት እዚያው የሚጠመቀውን ነበር፤ ጠመቃውም የራሱ ጉድጓድ ነበረው። የድሆቹ ቤትና የቢራ ጠመቃው ሁለቱም በስኖው ካርታ ላይ በስማቸው ተጽፈዋል። አየሩ ለሁሉም አንድ ነው፤ ውሃው ግን ይለያያል። ክርክሩን ያሸነፈው ባዶው ቦታ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከማስረጃዎቹ ሁሉ ጠንካራው ጭራሽ በካርታው ላይ የለም። ከሰፈሩ ርቃ በሃምፕስቴድ የምትኖር አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት በኮሌራ ሞተች፤ በአካባቢዋ ሌላ ኮሌራ አልነበረም። ስኖው ሲመረምር ሴትየዋ የብሮድ ጎዳናውን ውሃ ጣዕም ስለምትወድ በጠርሙስ እያስመጣች ትጠጣ እንደ ነበር ተረዳ። ይህ ጉዳይ ከካርታው ጠርዝ ውጭ ስለሆነ ስኖው የገለጸው በቃላት ነው። ምስል ጠርዝ አለው፤ ከጠርዙ ውጭ ያለውን የሚሸከመው ጽሑፍ ነው። ምስልና ጽሑፍ ተፎካካሪዎች ሳይሆኑ የአንድ ክርክር ሁለት ክንዶች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ሁለተኛው ምስል የፍሎረንስ ናይቲንጌል ነው።

ናይቲንጌል በኖቬምበር 1854፣ በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ፣ በስኩታሪ ወደሚገኘው የእንግሊዝ ጦር ሆስፒታል ደረሰች። በሕዝብ ዘንድ የምትታወቀው መብራት ይዛ ቁስለኞችን በምትጎበኝ ሴት ምስል ነው። ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ የሠራችው ሥራ ግን ከዚያ ይበልጥ ዘላቂ ነበር። ከስታቲስቲክስ ባለሙያው ከዊሊያም ፋር ጋር በመሥራት የጦሩን የሞት መዛግብት ተነተነች፤ በ1858ም በለንደን የስታቲስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆና ተመረጠች።

በዚያው ዓመት ያሳተመችው ታዋቂ ሥዕል እንደ አበባ ቅጠሎች በተዘረጉ ዐሥራ ሁለት ክፍሎች የየወሩን ሞት ያሳያል። ሰማያዊው መከላከል ይቻል በነበረ በሽታ የሞቱትን፣ ቀዩ በቁስል የሞቱትን፣ ጥቁሩ በሌላ ምክንያት የሞቱትን ይወክላል። በጃንዋሪ 1855 ብቻ በሰማያዊው የሚቈጠሩት 2,761 ነበሩ፤ በቁስል የሞቱት ደግሞ 83። አንድ የፓርላማ አባል ሠንጠረዡን ቢያነብ ቁጥሮቹን ያገኛቸዋል። ሥዕሉን ሲያይ ግን የጦሩ ዋና ጠላት በጦር ሜዳ አለመኖሩን በአንድ ዕይታ ይረዳል።

ስለ ሥዕሉ ቅርጽ ሁለት ነገሮችን ማንሣት እፈልጋለሁ። የመጀመሪያው የመለኪያ ሐቀኝነት ነው። ቀደም ባለው ንድፍ ቁጥሩን የሚወክለው ከመሐል እስከ ጠርዝ ያለው ርዝመት ነበር። የሰው ዓይን ግን የሚያነበው ስፋትን ነው፤ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ስፋቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በ1858ቱ ሥዕል ላይ ይህ ተስተካክሎ ቁጥሩን የሚወክለው የክፍሉ ስፋት ሆነ። ማጋነኑ ለእርሷ ክርክር ይጠቅም ነበር፤ ቢሆንም ተወው። ሁለተኛው ነገር ከትችት ጋር የተያያዘ ነው። ሥዕሉ የሁለት ዓመት ሞትን በሁለት አበባዎች ከፍሎ ያሳያል፤ ትልቁ እስከ ማርች 1855 ያለውን፣ ትንሹ ከዚያ በኋላ ያለውን። የንጽሕና ኮሚሽኑ የደረሰው በዚያው ማርች ስለ ነበር፣ ተመልካቹ የሞቱን መቀነስ በሙሉ ለኮሚሽኑ ሥራ ይሰጣል። ቁጥሮቹ ግን በጃንዋሪ 2,761፣ በፌብሩዋሪ 2,120፣ በማርች 1,205 ነበሩ፤ ማለትም ቅነሳው ቀድሞ ጀምሯል። የንጽሕናውን ሥራ ጥቅም ይህ አይሽረውም። ሆኖም ምስልን የት ላይ እንደምንቈርጠው በራሱ ክርክር መሆኑን ያሳያል።

እኔ ግን ከአበባው ሥዕል ይልቅ የማደንቀው ብዙም የማይታወቀውን ሌላውን ሥዕሏን ነው። በርዝመታቸው ብቻ የሚለያዩ ተራ መስመሮች ናቸው። ሥዕሉ በጦርነት ጊዜ ያለውን ጦር አያሳይም፤ በሰላም ጊዜ፣ በአገር ውስጥ፣ በጦር ሰፈር የሚኖሩትን ወታደሮች በእድሜ እኩያቸው ከሆኑ የእንግሊዝ ወንዶች ጋር ያነጻጽራል። ከ20 እስከ 25 ዓመት ባሉት መካከል በዓመት ከ1,000 የሚሞቱት ከሕዝቡ 8.4፣ ከወታደሮቹ 17.0 ነበሩ። ከ35 እስከ 40 ባሉት ከሕዝቡ 11.6፣ ከወታደሮቹ 19.3። ወታደር ሲቀጠር በሐኪም ተመርምሮ ነው፤ ከእኩዮቹ ይልቅ ጤነኛ መሆን ነበረበት።

ይህ ሥዕል ለምን ይበልጥብኛል? አበባው «ብዙ ሰው ሞተ» ሲል የጦር ሹም «ጦርነት ነው፤ በጦርነት ሰው ይሞታል» ብሎ መመለስ ይችላል። መስመሮቹ ግን ይህን መልስ ይዘጋሉ። ጦርነት በሌለበት፣ ባሕር ሳይሻገሩ፣ በገዛ አገራቸው ጦር ሰፈር ውስጥ ያሉት ወጣቶች ከእኩዮቻቸው እጥፍ ይሞታሉ። ወታደር ያልሆነው፣ ችግሩ ያልደረሰበት ሰው በሥዕሉ ውስጥ ባይኖር ኖሮ ወታደሩ ምን እንደ ደረሰበት አይታወቅም ነበር። ንጽጽር የምንለው ነገር ትርጉሙ ይኸው ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ከእነዚህ የተለየ ነው፤ እዚህ ላይ የምናገረው ስላልተሣለ ምስል ነውና።

በጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በተነሣች በ73ኛው ሰከንድ ተበታተነች። የተሳፈሩት ሰባቱም ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱ መካከል ክሪስታ ማኮሊፍ የተባለች መምህርት ነበረች። የአደጋው መነሻ በጎን ካሉት ሁለት አጋዥ ሮኬቶች በአንደኛው ላይ ያለ መጋጠሚያ ነበር። መጋጠሚያውን ከሚያሽጉት መካከል ኦ-ሪንግ የሚባሉ የጎማ ቀለበቶች ይገኛሉ። ጎማ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፤ ሲጫኑት ቶሎ ወደ ቅርጹ አይመለስም፤ በዚያች ቅጽበት የጋለ ጋዝ ያልፋል።

ሮኬቱን የሠራው የሞርተን ታዮኮል ኩባንያ መሐንዲሶች ይህን ይፈሩ ነበር። ከመካከላቸው ሮጀር ቦይዦሊ ከአደጋው ስድስት ወራት በፊት፣ በጁላይ 1985፣ ለአለቆቹ በጽሑፍ አስጠንቅቋል። በመነሻው ዋዜማ፣ በጃንዋሪ 27 ምሽት፣ በማግሥቱ ብርቱ ቅዝቃዜ እንደሚኖር ሲሰማ በዩታ፣ በአላባማና በፍሎሪዳ ያሉ ሰዎች በስልክ ስብሰባ ተቀመጡ። መሐንዲሶቹ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ 13 ገጽ ሠንጠረዦችና ማስታወሻዎች አዘጋጅተው በፋክስ ላኩ፤ የተወሰኑት በእጅ የተጻፉ ነበሩ። ምክራቸው ግልጽ ነበር፤ የቀለበቱ ሙቀት ከ53 ዲግሪ ፋረንሃይት፣ ማለትም ከ12 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች ከሆነ አትነሡ።

ይህ ምክር የተመሠረተበት ማስረጃ ግን በ13ቱ ገጾች ላይ ተበታትኖ ነበር። በአንድ ገጽ ላይ የጉዳት ታሪክ አለ፤ ሙቀት የለም። በሌላ ገጽ ላይ ሙቀት አለ፤ ጉዳት የለም። ከቀደሙት በረራዎች ሙቀታቸው በሠንጠረዦቹ ላይ የተጻፈው የሁለት ብቻ ነበር፤ አንዱ 53 ዲግሪ፣ ሌላው 75 ዲግሪ። ሁለቱም ጉዳት ነበረባቸው። ተቃዋሚዎቹ የያዙት ይህን ነው፤ በብርድም በሙቀትም ጉዳት ካለ ብርድ ምክንያት አይደለም ማለት ነው። መሐንዲሶቹ በብርዱ ጊዜ የደረሰው ጉዳት የባሰ መሆኑን በቃል ለማስረዳት ሞከሩ። በመጨረሻ የኩባንያው ኃላፊዎች ለብቻቸው ተመካክረው ምክሩን ሻሩት።

አደጋውን የመረመረው የፕሬዚዳንቱ ኮሚሽን በሪፖርቱ ውስጥ ሁለት ግራፎችን አንዱን ከሌላው በላይ አስቀምጧል። በመጀመሪያው ላይ ጉዳት የደረሰባቸው በረራዎች ብቻ አሉ፤ ነጥቦቹ በሙቀቱ ዘንግ ላይ ተበትነዋል፤ ዝምድና አይታይም። በሁለተኛው ላይ ጉዳት ያልደረሰባቸው በረራዎች ተጨምረዋል። ወዲያው ሥዕሉ ይለወጣል። ጉዳት የሌለባቸው በረራዎች ሁሉ በሞቃቱ በኩል ተሰልፈዋል። የቀለበቱ ሙቀት 66 ዲግሪ ፋረንሃይትና ከዚያ በላይ በሆነባቸው 20 በረራዎች ጉዳት የታየው በ3ቱ ብቻ ነው፤ 63 ዲግሪና ከዚያ በታች በሆነባቸው ግን በ4ቱም። በመነሻው ሰዓት የነበረው የአየር ሙቀት 36 ዲግሪ፣ ማለትም 2 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነበር፤ ከዚያ በፊት ተሞክሮ ከሚታወቀው ሁሉ የራቀ።

ምንም ችግር ያልደረሰባቸው በረራዎች ለብዙዎች «መረጃ» አይመስሉም። ምንም ካልሆነ ምን ይጻፋል? ነገር ግን የብሮድ ጎዳናው ቢራ ጠመቃም ምንም ያልሆነበት ቦታ ነበር። ስኖው ስሙን ጻፈው፤ በዚያች ምሽት ግን ደኅና የተመለሱት በረራዎች ከገጾቹ ቀሩ።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ይገባናል። አሜሪካዊው ምሁር ኤድዋርድ ተፍቲ በ1997 ባሳተመው መጽሐፍ መሐንዲሶቹ ትክክለኛውን ግራፍ ቢሥሉ ኖሮ መንኮራኩሯ አትነሣም ነበር በሚያሰኝ መንገድ ጉዳዩን ተንትኗል፤ የራሱንም ግራፍ አቅርቧል። በ2002 ቦይዦሊ ራሱና ሌሎች ጸሐፊዎች መልስ ሰጡ። መሐንዲሶቹ የሁሉም በረራዎች የሙቀት መረጃ በዚያች ምሽት በእጃቸው አልነበረም፤ የተፍቲ ግራፍም የአየር ሙቀትን ከቀለበቱ ሙቀት ጋር ቀላቅሏል አሉ። ከሁሉ በላይ፣ በዚያ ስብሰባ የማስረዳት ሸክሙ ተገልብጦ ነበር፤ ከዚያ በፊት መነሣት ደኅና መሆኑን ማስረዳት ይጠበቅ ነበር፤ በዚያች ምሽት ግን መሐንዲሶቹ አደጋ እንደሚደርስ እንዲያረጋግጡ ተጠየቁ። እኔ ይህን መልስ ከባድ ሆኖ አገኘዋለሁ። ጥሩ ግራፍ መስማት የማይፈልግን አለቃ ያስገድዳል ብሎ ማስተማር የዋህነት ነው፤ ለደረሰውም ሞት የነዳፊውን እጅ ብቻ መክሰስ ፍትሕ አይደለም። ነገር ግን ከሁለቱም ወገን ክርክር የሚተርፍ አንድ ነገር አለ፤ በወቅቱ ያልነበረው መረጃ የጎደለ መሆኑ በገጹ ላይ አልታየም። አንድ ሙሉ ዘንግ ተሥሎ ከሃያ በላይ በረራዎች ቦታቸው ክፍት ቢተው ኖሮ «እነዚህስ የት አሉ?» የሚለው ጥያቄ ከማንም አፍ ሊወጣ ይችል ነበር። ሁለት ቁጥሮች ብቻ የያዘ ሠንጠረዥ ግን ሙሉ ይመስላል።

ከኮሚሽኑ አባላት አንዱ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን በፌብሩዋሪ 1986 በተካሄደ ይፋ ስብሰባ ላይ የጎማውን ቁራጭ በመቆንጠጫ ይዞ በበረዶ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ነከረው፤ አውጥቶ ሲለቀው ወደ ቅርጹ ቶሎ አልተመለሰም። በዓለም ላይ ካሉ የቴክኒካዊ ተግባቦት ምስሎች ከዚህ ያጠረ ያለ አይመስለኝም። ሆኖም የመጣው ከሰባት ሰዎች ሞት በኋላ ነው።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። ኮሌራ ለኛ የታሪክ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በሚለው ስም ሪፖርቶቻችን ውስጥ ሲጠቀስ ቆይቷል። በአገራችን የኅብረተሰብ ጤና ቅኝት ሥርዓት ጤና ተቋማት ሳምንታዊ ሪፖርት ሲልኩ አንድም ታማሚ ባይኖር «ዜሮ» ብለው እንዲልኩ ይጠበቃል። ለአንዳንድ ተማሪዎቼ ይህ ትርፍ ወረቀት ይመስላቸዋል። አይደለም። ዜሮ ማለት ተፈልጎ ያልተገኘ ነው፤ ባዶ ማለት ያልተፈለገ ነው። አንድ ወረዳ ታማሚ የተገኘባቸውን ቀበሌዎች በቀይ ቀብቶ ሌሎቹን ሁሉ ነጭ ቢተው፣ ያ ነጭ ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን በአንድ ቀለም ይናገራል፤ በሽታ የሌለበትን ቀበሌና ሪፖርት ያልላከውን ቀበሌ። ውሳኔ ሰጪው መድኃኒትና ባለሙያ የሚያሰማራው በዚህ ካርታ ነው። ሪፖርት ያልመጣበትን በሌላ ምልክት መለየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ያ ምልክት ባይኖር ግን ርዳታው ሊቀርበት የሚችለው ችግሩ የጠናበት፣ መንገዱ የተዘጋበት፣ ስልኩ የማይሠራበት ቀበሌ ሊሆን ይችላል።

ወደ መመረቂያ ጽሑፎቻችንም ስመጣ የምለው ይህንኑ ነው። በየዓመቱ ከማነባቸው ጽሑፎች ብዙዎቹ ከኮምፒዩተር ፕሮግራም በቀጥታ የተገለበጡ ባለ ብዙ ቀለም ግራፎች አሏቸው። የጎደላቸው ቀለም አይደለም፤ የጎደላቸው ንጽጽር ነው። የወደቁትን ተማሪዎች ቁጥር ያሳያሉ፤ ለፈተና የተቀመጡት ስንት እንደ ነበሩ አያሳዩም። የተበላሹትን የውሃ ፓምፖች ፎቶግራፍ ይደረድራሉ፤ በዚያው ዓመት ተተክለው እስከ ዛሬ የሚሠሩትን አይጠቅሱም። እንዲህ ያለው ምስል ያሳዝናል እንጂ አያስረዳም፤ አንባቢውም ፓምፑ ለምን እንደ ተበላሸ ሳያውቅ ገጹን ይገልጣል።

ስለዚህ አንድ ምስል ለአንባቢ ከማቅረባችሁ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ራሳችሁን ጠይቁ። አንደኛ፣ ይህ ምስል የሚመልሰው ጥያቄ ምንድን ነው? ኩፐርና ስኖው በነጥብ ሳይሆን በጥያቄ ተለያይተዋልና። ሁለተኛ፣ ነገሩ ያልደረሰበት ቦታ፣ ጊዜ ወይም ሰው በምስሉ ውስጥ አለ ወይ? ሦስተኛ፣ የማላውቀው ነገር በምስሉ ላይ እንደማላውቀው ሆኖ ይታያል ወይስ ምንም እንዳልሆነ ተመስሎ ተሸፍኗል? የቀለሙና የፊደሉ ጉዳይ ከእነዚህ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ዋጋ የለውም አልልም፤ ተራው ግን አራተኛ ነው።

ምስል የሚሠራ ሰው የሚይዘው ሥልጣን ትልቅ ነው። አንባቢ ጽሑፍን ይጠራጠራል፤ ሥዕልን ግን በዓይኑ ያየው ያህል ያምናል። በዚያ እምነት ላይ የሚሠራ ባለሙያ ለራሱ ክርክር የሚመቸውን ብቻ መርጦ ቢያሳይ ማንም ቶሎ አይደርስበትም። ያልሞቱትን፣ ያልተሰበሩትን፣ ያልተመዘገቡትን አብሮ ለመሣል የሚያስገድደው የሙያ ሕሊናው ነው። ከተማሪዎቻችን የምንጠብቀውም ይህን ነው።